ያረጀ ብሪጅፖርት ሚሊንግ ማሽን በአዲስ መቆጣጠሪያ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት መጀመሪያ

ማሽኑ ጋራዡ ውስጥ ቆሟል። ብሪጅፖርት ሲሪስ ዋን ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚሠራ የብረት መቁረጫ ፍሬዛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የተሠራ፣ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን። የገዛሁት እዚሁ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በሩን ከዘጋ አነስተኛ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ሲሆን ዋጋው ከቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ብዙም አይርቅም። ርካሽ የሆነው መቆጣጠሪያው ከሞተ ዓመታት ስላለፉት ነው።

ስለ ማሽኑ ትንሽ ልበል። ሩዶልፍ ባኖው የብሪጅፖርትን ሚሊንግ ማሽን የነደፈው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው፤ የመጀመሪያው ማሽን በ1938 ተሸጠ፤ ከዚያ በኋላ በብዙ አገር የብረት ሥራ ቤቶች የተለመደ መሣሪያ ሆነ። የእኔው ግን በእጅ የሚዞረው ዓይነት አይደለም፤ ፋብሪካው ራሱ ኮምፒውተር ገጥሞለታል። መቆጣጠሪያው ቦስ ይባላል። ውስጡ ያለው ኤልኤስአይ-11 የተባለው የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ኮምፒውተር ነው፤ ፕሮግራሙንም ከተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ ያነብ ነበር። ለዘመኑ ትልቅ ሥራ ነው። ዛሬ ግን ካርዶቹ ሲበላሹ የሚተካቸው ማግኘት አድካሚ ነው፤ ቢገኝም የሚቀጥለው ካርድ መቼ እንደሚሞት ማንም አያውቅም።

ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት የመረመርሁት ኤሌክትሮኒክሱን ሳይሆን የጠረጴዛውን መንሸራተቻ ነው። ዕድሜያቸውን በቶርኖና በፍሬዛ ያሳለፉ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ አብረውኝ ሄደው ነበር። ስለ ኮምፒውተሩ አንድም ጥያቄ አላነሱም። ጠረጴዛውን የሚነዳውን ረጅም ብሎን፣ ቦል ስክሩን፣ በእጃቸው እያዞሩ ጠረጴዛውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወሰዱት፤ ደግመው መለሱት።

«መሃል ላይ እየላላ ጫፍ ላይ የሚጠብቅ ከሆነ ብረቱ ተበልቷል» አሉኝ። «ሰው ሁሉ ሥራውን የሚያስረው መሃል ላይ ነውና። ይኼኛው ግን ገና ዕድሜ አለው፣ ልጄ።»

«እርስዎ ካሉ ይበቃኛል፣ ጋሼ» ብዬ ከፈልሁ። እውነትም መንሸራተቻው ላይ ፋብሪካው በስክሬፐር (በብረት መፋቂያ) የሠራው ምልክት ከአንድ ስፍራ በስተቀር አሁንም ይታያል። በዚህ ዋጋ ከሚገኙት አዳዲስ የጠረጴዛ ላይ ማሽኖች የዚህን ሩብ የሚመዝን አላገኘሁም። መቁረጫ ብረት ሲነክስ የሚፈጠረውን ንዝረት ውጦ የሚያስቀረው ክብደት ነው፤ ክብደትን ደግሞ በሶፍትዌር መጨመር አይቻልም። ከሞተሩ ወደ ኋላ ያለው ሁሉ ይቀየራል፣ ብረቱ ይቀራል።

ጥቅምት አጋማሽ

ከማሽኑ ጀርባ የተገጠመውን የኤሌክትሪክ ሳጥን ባዶ አደረግሁት።

ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ሁሉ ከምንም በፊት ይህን ይስማኝ፦ የድሮ ስቴፐር ሞተር (በእርምጃ እየቆጠረ የሚዞር ሞተር) ድራይቮች፣ ማለትም ሞተሩን የሚነዱት ሰሌዳዎች፣ ኃይል የሚያገኙት ኤሌክትሪክ ከሚያከማቹ ትልልቅ ካፓሲተሮች ነው። ማሽኑ ከግድግዳው ተነቅሎም እነዚህ ካፓሲተሮች ሰው የሚጎዳ ጉልበት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። በካቻቪቴ አጋጭቶ ማውረድ የሚባለው ልማድ ብረት ያቀልጣል፣ ዓይን ያጠፋል። እኔ ኃይል የሚችል ሬዚስተር (ጅረት የሚገታ ዕቃ) በተሸፈነ ገመድ አገናኝቼ፣ ቮልት ሜትሩ ወደ ዜሮ እስኪወርድ ጠበቅሁ፤ ከዚያም ጫፎቹን በሽቦ አገናኝቼ ተውኋቸው፤ ምክንያቱም ባዶ የሆነ ካፓሲተር በራሱ ጥቂት ቮልቴጅ መልሶ ያነሳል።

የኤልኤስአይ-11 ካርዶቹን አልጣልሁም። ታሪካዊ ኮምፒውተሮችን ለሚያድስ ሰው በነጻ ሰጠኋቸው። በጥብጣብ አንባቢው መሳቢያ ውስጥ የተጠቀለለ የወረቀት ጥብጣብ አገኘሁ፤ በላዩ በእርሳስ የዕቃ ቁጥር ተጽፎበታል። እርሱን እኔው ዘንድ አስቀርቼዋለሁ።

ኅዳር

በዚህ ወር አንድም ሽቦ አልተገናኘም። ሥራው ሁሉ ልኬት ነበር። እኔ እንደማምነው የጠቅላላው ፕሮጀክት ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካውን ባለ መርፌ መለኪያ፣ ዳያል ኢንዲኬተሩን፣ በማግኔት መቆሚያው ከማሽኑ አካል ጋር አጣብቄ፣ ጫፉን ጠረጴዛው ላይ ካሰርሁት ብሎክ ጋር አገናኘሁ። በቦል ስክሩ ጫፍ ላይ ደግሞ በዲግሪ የተከፋፈለ ዲስክ ገጠምሁ። ስክሩ አንድ ዙር ሲዞር ጠረጴዛው 5.08 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ ይህም 0.2 ኢንች ነው። ወደ አንድ አቅጣጫ ካዞርሁ በኋላ ወደ ኋላ ስመልሰው፣ ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ ድረስ ስክሩ በኤክስ (በግራና ቀኝ) አቅጣጫ 12 ዲግሪ ያህል በባዶ ዞረ። ይህ 0.17 ሚሊሜትር ነው። በዋይ (በፊትና ኋላ) አቅጣጫ 0.22 ሚሊሜትር ሆነ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ይህ በባዶ የመዞር ክፍተት ባክላሽ ይባላል፤ ዘመናዊ መቆጣጠሪያዎች የባክላሽ ማካካሻ የሚባል ቅንብር አላቸው፤ 0.17 ብሎ መዝግቦ ማለፍ ይቻላል። ጠረጴዛው በባዶ ሲሄድ ልኬቱ ያምራል። ብረት ሲነካ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው ስክሩ አቅጣጫ የሚቀይርበትን ቅጽበት ብቻ ነው፤ መቁረጫው በጠረጴዛው ላይ የሚያሳርፈውን ጉልበት አያውቅም። የመቁረጫው ጥርስ ሥራውን ወደሚሄድበት አቅጣጫ በሚገፋበት አቆራረጥ፣ ጠረጴዛው ያንን 0.17 ሚሊሜትር በአንድ ጊዜ ወደ ፊት ይዘላል። ጥርሱ ከታሰበለት እጥፍ የሚበልጥ ብረት በአንድ ንክሻ ይወስዳል፤ መቁረጫውም ይሰበራል። ማካካሻ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ማይክሮኖች ለማስተካከል ይጠቅማል፤ ላልቶ የቆየን ማሽን ግን አያጠብቅም።

ስለዚህ ክፍተቱ ከየት እንደሚመጣ መለየት ያስፈልጋል። ሊመጣ የሚችለው ከቦል ስክሩ ዳዶ፣ ስክሩን በጫፉ ከያዙት ኩሽኔታዎች ወይም ዳዶውን ከጠረጴዛው ጋር ካሰሩት ብሎኖች ነው። መለያው ቀላል ነው። በስክሩ ጫፍ መሃል ላይ ባለችው ቀዳዳ ትንሽ የብረት ኳስ በግራሶ ለጥፌ፣ ሁለተኛውን ኢንዲኬተር ኳሷ ላይ አሳረፍሁ። ስክሩ እንዳይዞር ተይዞ ጠረጴዛው በሁለቱም አቅጣጫ ሲገፋና ሲሳብ ኳሷ መንቀሳቀስ የለባትም። የእኔዋ 0.12 ሚሊሜትር ሄደች። ከ0.17 ውስጥ 0.12 የኩሽኔታዎቹ ድካም ነው ማለት ነው፤ ያ ደግሞ የሚለወጥ ዕቃ ነው።

አሮጌዎቹ ኩሽኔታዎች ሲወጡ ግራሷቸው እንደ ሰም ደርቆ ነበር። በምትካቸው የገዛሁት በአንግል የሚሸከሙ፣ በፋብሪካ የተጣመሩ ኩሽኔታዎችን ነው። መጣመራቸው ወሳኝ ነው፤ ሁለቱ ተጋጥመው በዳዶ ሲጠበቁ በመካከላቸው የተተወችው ረቂቅ ክፍተት ተዘግታ ቅድመ ጭነት (አስቀድሞ የመጨነቅ ጉልበት) ትፈጥራለች፤ ስክሩ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሄጃ ያጣል። ከተለያየ ካርቶን ሁለት ኩሽኔታ አንስቶ መግጠም ይህን አይሰጥም። የዋይ ዳዶ ተሸካሚ ብሎኖችም ላልተው ነበር። ሁሉም ተጠብቆ፣ የመንሸራተቻውን ልቅነት የሚያስተካክለው ሽብልቅ (ጂብ)ም ተስተካክሎ እንደገና ስለካ ኤክስ 0.04፣ ዋይ 0.07 ሚሊሜትር ሆነ። ጋሼ መጥተው ራሳቸው ለኩት፤ «አሁን ሽቦህን አምጣ» አሉ።

ገና ነው፤ ዘይቱ ይቀራል። አንዱን ማንሻ ሲስቡት ለመንሸራተቻዎቹ ሁሉ ዘይት የሚያከፋፍለው ፓምፕ ይሠራል፤ ዘይቱ ግን ግማሽ ስፍራዎች ላይ አይደርስም። በየመስመሩ ጫፍ ያሉት መጣኝ ቫልቮች ውስጣቸው ማጣሪያና የማይመልስ በር አላቸው፤ የድሮ ዘይት ሲደርቅባቸው ይደፈናሉ። ለማጽዳት አልደከምሁም፣ ሁሉንም ለወጥኋቸው። የሚሞላው 68 ቁጥር የመንሸራተቻ ዘይት ነው። የመኪና ሞተር ዘይት አይተካውም፤ የመንሸራተቻ ዘይት ብረቱ ላይ ተጣብቆ የሚቆይና ጠረጴዛው ቀስ ብሎ ሲሄድ እየተያዘና እየዘለለ እንዳይጓዝ የሚያደርግ ቅመም አለው። መሃል ላይ ያለው የመበላት ምልክት በምን እንደመጣ አሁን ገብቶኛል። ማሽኑ ለዓመታት ደርቆ ነው የሠራው።

ታኅሣሥ

ሞተር መምረጥ። አሮጌዎቹ ስቴፐሮች ይሽከረከራሉ፤ በአዲስ ድራይቭ ሊነዱም ይችላሉ። የተውኋቸው በሁለት ምክንያት ነው። ስቴፐር ፍጥነቱ ሲጨምር ጉልበቱ ይወርዳል፤ ደግሞም ከአቅሙ በላይ ከተጫነ እርምጃ ይዘላል፣ መዝለሉን ግን ለማንም አይናገርም። ጠረጴዛው የት እንዳለ የማያውቅ ማሽን ሥራ ያበላሻል። ሰርቮ ሞተር ግን ከኋላው ያለው ኢንኮደር ቦታውን ሁልጊዜ ለድራይቩ ይነግረዋል፤ ካቃተው ቆሞ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።

750 ዋት ሰርቮ በደቂቃ በ3000 ዙር 2.4 ኒውተን ሜትር ያህል ጉልበት አለው። በጥርስ ባለው ቺንጋ ሁለት ለአንድ ስቀንሰው ስክሩ ላይ 4.8 ይደርሳል። ይህ በ5.08 ሚሊሜትር ስክሩ ላይ፣ አሥር በመቶ ለሰበቃ ተቀንሶ፣ ወደ 5300 ኒውተን የሚጠጋ ግፊት ይሆናል። ከግማሽ ቶን በላይ ክብደት የማንሳት ያህል ነውና የዚህ ማሽን ስፒንድል (መቁረጫውን ይዞ የሚያዞረው ዘንግ) ሊጠይቀው ከሚችለው ይበልጣል። በሞተሩ ሙሉ ዙር ጠረጴዛው በደቂቃ 7.6 ሜትር ይሄዳል። ለጋራዥ ይህ እጅግ በቂ ስለሆነ በፕሮግራሙ ውስጥ በግማሽ ወሰንሁት።

ለዜድ (ለላይና ታች አቅጣጫ) የገዛሁት ሞተር ብሬክ አለው። ቦል ስክሩ ሰበቃው ትንሽ በመሆኑ ኃይል ሲቋረጥ ክብደትን ይዞ መቆም አይችልም። ብሬክ የሌለው ዜድ መብራት በጠፋ ቁጥር መቁረጫውን ይዞ ሥራው ላይ ሊወርድ ይችላል።

የሞተር መያዣ ላሜራዎቹን ጋሼ በሚያውቁት ሥራ ቤት ቶርኖና ፍሬዛ ላይ ሠራናቸው። ስለዚህ ብዙ የምለው የለም፤ ቀዳዳዎቹ ቺንጋውን ለመወጠር እንዲያስችሉ ረዘም ተደርገው ተቀደዱ።

ታኅሣሥ መጨረሻ

አሁን አንጎሉ። የመረጥሁት ሊነክስ ሲኤንሲን ነው፤ በነጻ የሚገኝና ኮዱ ለሁሉ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። መነሻው ከቤቴ ሩቅ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እዚሁ ሜሪላንድ፣ ጌይተርስበርግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኢንሃንስድ ማሽን ኮንትሮለር ብሎ የጀመረው ሥራ ነው፤ የመንግሥት ሥራ በመሆኑም ያለ ቅጂ መብት ለሕዝብ ተለቀቀ። ስሙ ቆይቶ ተለወጠ፤ ሥራው ግን በበጎ ፈቃደኞች እጅ ቀጠለ። ይህን የማነሳው ለውበት አይደለም። ቦስን የገደለው የአንድ አምራች ካርድ ላይ ብቻ መንጠልጠሉ ነው። ይህ መቆጣጠሪያ ግን ኮምፒውተሩ ቢቃጠል ሌላ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ከተቀመጠ ቅጂ ይነሳል። አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር ያለ የቴክኒክ ተማሪ ያለ ፈቃድ ክፍያ ያንኑ ፕሮግራም ማውረድና ያለ ማሽን በስክሪን ላይ ብቻ ሊለማመድበት ይችላል።

ኮምፒውተሩ ከቢሮ የተጣለ ተራ ዴስክቶፕ ነው። ለዚህ ሥራ ዋናው ነገር የኮምፒውተሩ ፍጥነት ሳይሆን ሰዓት አክባሪነቱ ነው። የእውነተኛ ጊዜ ከርነል (ሰዓቱን ጠብቆ የሚሠራ የኮምፒውተሩ ሥርዓት እምብርት) በየ1 ሚሊ ሰከንዱ ተነስቶ ለማሽኑ ትእዛዝ መስጠት አለበት፤ ዘግይቶ ቢነሳ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። የመዘግየት መለኪያውን ከፍቼ ቪዲዮ እያጫወትሁ፣ ትልልቅ ፋይል እየገለበጥሁ ሌሊቱን ሙሉ ተውሁት። መጀመሪያ ልኬቱ ከ200 ማይክሮ ሰከንድ በላይ ይዘል ነበር። በባዮስ (በኮምፒውተሩ መነሻ ቅንብር) ውስጥ ኃይል ቆጣቢ ቅንብሮችን ሁሉ ካጠፋሁ በኋላ ከ50 በታች ጸና።

በኮምፒውተሩና በድራይቮቹ መካከል የቆመው በኤተርኔት የሚገናኝ፣ ሜሳ የተባለ አምራች ካርድ ነው። እንዲህ ላስረዳ። ድራይቮቹ በአንድ የሞተር ዙር 2000 የኤሌክትሪክ ምት (አጭር ምልክት) እንዲቀበሉ አድርጌያቸዋለሁ፤ ስለዚህ አንዱ ምት 1.27 ማይክሮን ነው። ሞተሩ በሙሉ ፍጥነት ሲዞር በሰከንድ 100,000 ምት ያስፈልጋል። ኮምፒውተር በራሱ ሶፍትዌር ይህን ያህል ምት እኩል እየለካ መላክ አይችልም፤ ካርዱ ላይ ያለው ቺፕ ግን ያለ ድካም ይሠራዋል። ኮምፒውተሩ የሚነግረው «በዚህ ፍጥነት ሂድ» ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ዝም ካለ ደግሞ ካርዱ ራሱ ጠብቆ መውጫዎቹን ሁሉ ያጠፋል። ይህ ባሕርዩ ብቻውን ዋጋውን ያወጣል።

ጥር

ብርዱ ጠንክሯል፤ ሽቦ መላጥ በጓንት አይሆንም። ቢሆንም የሽቦው ሥራ ተጀምሯል።

ከሁሉ አስቀድሜ የሠራሁት የአደጋ ማቆሚያውን ነው። ቀዩ ቁልፍ ሲመታ ለኮምፒውተሩ «እባክህ ቁም» የሚል መልእክት ብቻ መላክ የለበትም። በእኔ አሠራር ቁልፉ የደኅንነት ሪሌውን (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ይቆርጣል፤ ሪሌው ትልቁን ማብሪያ ማጥፊያ፣ ኮንታክተሩን፣ ይለቃል፤ ኮንታክተሩ የሰርቮዎቹን ኃይል ያቋርጣል፣ የዜድ ብሬክም ይያዛል። ኮምፒውተሩ ዜናውን የሚሰማው ከሁሉ በኋላ ነው። የጉዞ ወሰን ሴንሰሮቹንም በመደበኛ ሁኔታ የተዘጋ መስመር እንዲሆኑ አድርጌ አገናኘሁ፤ ሽቦ ቢበጠስ ማሽኑ ይቆማል እንጂ ወሰን እንደሌለ አይቆጥርም።

የስፒንድሉ ሞተር ሦስት ፌዝ ነው። ቤቴ የሚገባው ደግሞ 240 ቮልት ነጠላ ፌዝ ነው። በመካከላቸው ነጠላ ፌዝን ወደ ሦስት ፌዝ የሚቀይርና የሞተሩን ፍጥነት የሚወስን ኢንቨርተር ገባ። ኢንቨርተር ሲመረጥ ለነጠላ ፌዝ መግቢያ የተሠራ መሆኑን ማየት ይገባል፤ ያው ኃይል በሦስት ገመድ ፋንታ በሁለት ሲገባ ጅረቱ በ1.73 እጥፍ ስለሚያድግ፣ ለሦስት ፌዝ የተሠራው ከአቅሙ በታች ካልተጫነ ይሞቃል።

ችግሩ የጀመረው ኢንቨርተሩ ሲበራ ነው። ስፒንድሉ በተነሳ ቁጥር የኤክስ ወሰን ሴንሰር ያልተነካውን ተነካሁ እያለ ማሽኑን ያቆመዋል። የሞተሩን ገመድ ከኢንቨርተሩ ነቅዬ ሳበራው ጸጥ አለ፤ ስለዚህ የኤሌክትሪክ ረብሻው፣ በእኛ ቋንቋ ጩኸቱ፣ የሚወጣው ከገመዱ ነው። ኢንቨርተር ቮልቴጁን በሰከንድ በሺዎች ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ስለሚሠራ፣ ወደ ሞተር የሚሄደው ገመድ ራሱ አንቴና ይሆናል።

እዚህም ላይ በሶፍትዌር የማለፍ አማራጭ ነበረ። ምልክቱ ለተወሰኑ ሚሊ ሰከንዶች ካልጸና አትመነው የሚል ማጣሪያ በአንድ መስመር ይጻፋል። አልጻፍሁትም። ወሰን ሴንሰርን ያታለለ ጩኸት ነገ የድራይቩን የምት መስመር ያታልላል፤ ያን ጊዜ ማሽኑ አይቆምም፣ ዝም ብሎ ቦታውን ይስታል። የሞተሩን ገመድ በመረብ በተሸፈነ ለወጥሁት፤ ሽፋኑን በሁለቱም ጫፍ በሰፊ ማሰሪያ ከብረት ሰሌዳው ጋር አሠርሁት። ቀጭን ጅራት አውጥቶ በአንድ ብሎን ማሰር አይበቃም። የሴንሰር ገመዶቹን ወደ ሌላው ጎን አዛወርኋቸው፣ ሽፋናቸውም በሳጥኑ በኩል ብቻ ተያዘ። የምድር ሽቦዎቹ ሁሉ በአንድ ነሐስ ላይ ተሰበሰቡ። ስፒንድሉ እየዞረ፣ ሰርቮዎቹ እየሠሩ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ተውኋቸው። አንድም የሐሰት ምልክት አልመጣም።

የካቲት

ጠረጴዛው በትእዛዝ ተንቀሳቀሰ። ደስታዬን መደበቅ አልችልም። ከሞት የተነሳ ማሽን ሲሄድ ማየት ያስደስታል፤ ባለቤቴም ልጆቹን ይዛ ለማየት ወረደች።

አንድ ማሳሰቢያ፦ በዚህ ዓይነት አገናኝ ውስጥ ሊነክስ ሲኤንሲ የሚከታተለው ካርዱ የላከውን ምት እንጂ ሞተሩ በእውነት የሄደበትን አይደለም። ሞተሩን የሚከታተለው ድራይቩ ነው። ስለዚህ የድራይቩ የብልሽት ምልክት በሽቦ ወደ ካርዱ መግባት አለበት፤ ያለዚያ አንዱ ሞተር ቆሞ ሌሎቹ ሥራውን እየቆረጡ ይቀጥላሉ። ይህን በተግባር ሞከርሁት፦ የኤክስን የኢንኮደር ገመድ በጉዞ ላይ ሳላቅቀው ሦስቱም ወዲያው ቆሙ።

ከዚያ የርቀት ልኬት። የቦል ስክሩ 5.08 ሚሊሜትር በስም ነው፤ ያረጀ ስክሩ በየቦታው ትንሽ ይለያያል። በጌጅ ብሎክ (ርዝመቱ በትክክል የታወቀ የብረት መለኪያ) እና በኢንዲኬተር በየ25 ሚሊሜትሩ እየለካሁ ሠንጠረዥ አወጣሁ፤ ትልቁ ስህተት መሃሉ አካባቢ 0.03 ሚሊሜትር ነው። እዚህ ላይ የሶፍትዌር ማረሚያን ያለ ቅሬታ ተጠቀምሁ። የስክሩ ጥርስ ስህተት በቦታው ጸንቶ የሚኖር እንጂ በጉልበት የሚለዋወጥ አይደለምና።

ሙቀትንም መርሳት አይቻልም። ብረት በአንድ ሜትር ርዝመት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 12 ማይክሮን ያህል ይረዝማል፤ አሉሚኒየም 23 ያህል። ጋራዡ ጠዋት 5 ዲግሪ ነው፤ ማሞቂያው ሲሠራ ወደ 20 ይደርሳል። ማሽኑና የብረት ጌጅ ብሎኩ አብረው ስለሚያጥሩ ልኬታቸው ይስማማል፤ 250 ሚሊሜትር የአሉሚኒየም ሥራ ግን በዚያ ልዩነት ከማሽኑ ጋር 0.04 ሚሊሜትር ይጣላል። ስለዚህ ልኬት የሚጠይቅ ሥራ ማሞቂያው በርቶ ማሽኑም፣ ሥራውም፣ መለኪያውም እኩል ሙቀት እስኪይዙ ይጠብቃል።

መጋቢት

ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው ጋር ቀጥ አደረግሁ፦ ኢንዲኬተሩን በስፒንድሉ ላይ አስሮ በሰፊ ክብ ማዞርና በአራቱም አቅጣጫ አንድ ንባብ እስኪሰጥ ማስተካከል። ስፒንድሉ ፍጥነቱን ከካርዱ በሚወጣ ከ0 እስከ 10 ቮልት ይቀበላል። የቺንጋ ፑሊዎቹን አልነካኋቸውም፤ ኢንቨርተር ፍጥነትን ሲያወርድ የሞተሩ ማቀዝቀዣም አብሮ ስለሚዘገይ፣ ዝቅተኛ ዙርና ትልቅ ጉልበት የሚፈልግ ሥራ በፑሊ ቢቀነስ ይሻላል።

የመጀመሪያው መመዘኛ በኢንዱስትሪው የታወቀው ክብ፣ አልማዝ (በማዕዘኑ የቆመ ካሬ) እና ካሬ ያለበት የሙከራ ቅርጽ ነው። ክቡ ብዙ ይናገራል፤ ኤክስና ዋይ አቅጣጫ የሚቀይሩባቸው አራት ነጥቦች ላይ ክፍተት ካለ እርከን ይወጣል። የእኔው ክብ ከሙሉ ክብነት 0.05 ሚሊሜትር ያህል ይርቃል፤ እርከኑም በጣት ጥፍር የሚሰማው ዋይ በሚመለስባቸው ሁለት ነጥቦች ብቻ ነው። ኅዳር ላይ የቀረው 0.07 ራሱን እያሳየ ነው። ካሬው ንጹሕ ነው።

መጋቢት መጨረሻ

የመጀመሪያው እውነተኛ ሥራ መጣ። ሲልቨር ስፕሪንግ ምግብ ቤት ያላት እህታችን የትልቁ የኤሌክትሪክ ምጣዷ አክንባሎ ማጠፊያ ተሰብሮባት፣ መለዋወጫ አጥታ ቆይታለች። አሉሚኒየም ይቀላል፤ ነገር ግን 6061 የተባለው የተለመደ ዓይነት ከ200 ዲግሪ በላይ ሙቀት አጠገብ ሲቆይ ጥንካሬው ይወርዳል፤ ምጣድ ደግሞ በየቀኑ እዚያ ነው። ከማይዝገው ከ304 ብረት ልሠራው ወሰንሁ።

304 ላላ ማሽንን አይታገስም። መቁረጫው ከመንከስ ይልቅ ካሻሸው ገጹ ይጠነክራል፤ የሚቀጥለው ጥርስ የሚያገኘው ከፊተኛው የጠጠረ ብረት ነው፤ በጥቂት ዙር ውስጥ መቁረጫው ያልቃል። ክፍተት ያለው ጠረጴዛ ደግሞ ሥራው በጥርሱ ሥር ወዲያና ወዲህ እንዲል ያደርጋል። ስለዚህ ረጅሞቹን ቁርጦች በሙሉ በኤክስ አቅጣጫ አዘጋጀሁ፤ ዋይ የሚሠራው ለአጭር መሻገሪያ ብቻ ሆነ። ቅባት ያለው ውሃ እየፈሰሰ፣ ጥርሱ በየዙሩ በቂ ብረት እንዲይዝ ፍጥነቱን ሳላፈገፍግ ሄድሁ። ፍርፋሪው አጭርና እኩል ወጣ። አራቱም ማጠፊያዎች በአንድ መቁረጫ አለቁ፤ የፒን ቀዳዳዎቹም ከ0.02 ሚሊሜትር በላይ አልሳቱም። አሁን ተገጥመው እየሠሩ ነው፤ እርሷም ለሁለተኛው ምጣድ ትእዛዝ ሰጥታኛለች።

የቀረው ዋይ ነው። የዋይ ቦል ስክሩን ዳዶ ኳሶች በጥቂት ማይክሮን ወፈር ባሉ ለመለወጥ አዝዣለሁ፤ ኳሶቹ ከተለያየ መጠን ስለሚመጡ ዳዶው ሳይጨናነቅ የሚጠብቀውን መጠን እየሞከሩ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ጋሼም ሊያግዙኝ ቃል ገብተዋል። እስከዚያ የዋይ ማካካሻ መስመር በፕሮግራሙ ውስጥ ዜሮ ሆኖ ይቆያል።